የውሻ ጆሮ ሕመም ለምን ይመላለሳል? ጠብታ ከመግዛታችሁ በፊት

ውሻው ጆሮውን ያካል፣ ራሱን ያራግፋል፣ ቀረብ ስትሉት ይሸታል። ባለቤቱ ፋርማሲ ወይም የእንስሳት መድኃኒት መደብር ይሄድና ጠብታ ይገዛል። በአራተኛው ቀን ማከኩ ሲቆም ጠብታውም ይቆማል። ወር ሳይሞላ ያው ሽታ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ሁለተኛ ጠብታ፣ ከዚያ ሦስተኛ። በዚህ ዓይነት ዓመት የከረመ ጆሮ ክሊኒክ ሲደርስ ቆዳው ወፍሮ፣ ቱቦው ጠቦ፣ ጠብታ የሚያልፍበት ቀዳዳ እንኳ አጥቶ ነው።

በውሻ ላይ የጆሮ ኢንፌክሽን ከምንም ተነስቶ አይመጣም። ባክቴሪያውም ሆነ ፈንገሱ ጤነኛ ጆሮ ውስጥ በጥቂቱ ይኖራሉ። የሚባዙት ሌላ ነገር የጆሮውን ቆዳ ሲያስቆጣላቸው ነው፤ አለርጂ፣ ቅንቅን፣ የገባ የሳር ፍሬ ወይም ሳይደርቅ የቀረ ውሃ። ጠብታው የተባዛውን ይገድላል፣ ያስቆጣውን ግን አይነካም። ስለዚህ “ምን ጠብታ ልግዛ?” ከሚለው በፊት “ይህን ጆሮ ምን አስቆጣው?” የሚለው ይቀድማል።

የውሻ ጆሮ ከሰው ጆሮ የሚለይበት

የሰው የጆሮ ቀዳዳ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። የውሻ ግን መጀመሪያ ወደ ታች፣ ወደ መንጋጋው አቅጣጫ ይወርድና ከዚያ ወደ ራስ ቅሉ ይታጠፋል። ታምቡሩ ያለው ከመታጠፊያው ወዲያ፣ በአግድሙ ቱቦ ጫፍ ላይ ነው። ርዝመቱ እንደ ውሻው ትልቅነት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከዚህ የተነሳ ከላይ የምታዩት የቱቦውን አፍ ብቻ ነው፤ እሱ ንጹሕ ሆኖ ታቹ መግል ሊሆን ይችላል። የገባ ውሃም በቀላሉ አይወጣም። በጥጥ የተጠቀለለ እንጨት ስትሰዱ ደግሞ ኩኩን እየገፋችሁ መታጠፊያው ላይ ትጠቀጥቁታላችሁ እንጂ አታወጡትም።

ጆሮው የተንጠለጠለና ውስጡ ጸጉር የበዛበት ውሻ፣ ለምሳሌ ኮከር ስፓንየልና ፑድል፣ አየር ስለማይደርሰው ቶሎ ይጠቃል። ጆሮው የቆመው የሀበሻ ውሻና ጀርመን ሼፐርድ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው፤ እነሱን ግን ዝንብና መዥገር ያስቸግሯቸዋል፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ጆሮውን ማየት

በቀን ብርሃን፣ ውሻው ረጋ ባለበት ሰዓት፣ መጀመሪያ ደህና የሚመስለውን ጆሮ ከዚያ የታመመውን ገልጣችሁ እዩ። ማወዳደሩ ግማሽ ሥራ ነው። ጤነኛ ጆሮ ውስጡ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፣ ትንሽ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ኩክ ሊኖረው ይችላል፣ አይሸትም። የጆሮውን ሥር ከጉንጩ በላይ በሁለት ጣት ያዝ ስታደርጉት ለስላሳና ተጣጣፊ መሆን አለበት። እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ቱቦው በቆየ ቁጣ ወፍሯል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ጆሮ በቤት ውስጥ ጠብታ አይመለስም።

አንድ ጆሮ ብቻ ነው ወይስ ሁለቱም? ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ነገር ግን ይለያል። ሁለቱም ከሆኑ ወደ አለርጂ ወይም ወደ ቅንቅን ያመዝናል። አንዱ ብቻ ከሆነ የገባ ነገር አለ ብላችሁ ጠርጥሩ፤ በሸመገለ ውሻ ላይ ደግሞ ቱቦው ውስጥ የበቀለ ዕጢም ሊሆን ይችላል። ውሻው ሜዳ ደርሶ እንደተመለሰ በድንገት ራሱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ እየጮኸ ማራገፍ ከጀመረ የሳር ፍሬ ገብቶበታል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ሳሩ ሲደርቅ ሲናር ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ፍሬው ላይ ያለው ጭራ ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚያደርግ ጸጉር ስላለው ውሻው ባራገፈ ቁጥር ወደ ታምቡሩ ይጠጋል። እሱን በቤት ውስጥ ለማውጣት አትሞክሩ፤ ውሻውን አደንዝዞ ኦቶስኮፕ በሚባለው የጆሮ ማያ መሣሪያ እያዩ በረጅም መቆንጠጫ ነው የሚወጣው። በዚያው ቀን ከተሄደ ቀላል ነው፣ ከሳምንት በኋላ ታምቡር በስቶ ሊገኝ ይችላል።

ከዚያ የሚወጣውን ነገር እዩ፣ አሽትቱም። ደረቅ፣ ጥቁር ቡናማ፣ ፍርፍር ያለ፣ እንደ ቡና አተላ የሆነ ነገር በተለይ በቡችላ ጆሮ ውስጥ ካገኛችሁ ቅንቅን ነው የሚጠረጠረው። ትንሽ ቆንጥራችሁ ጥቁር ወረቀት ላይ አድርጉና የስልካችሁን መብራት ቀርባችሁ አብሩበት። ለአንድ ደቂቃ ያህል ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ጠብቁ፤ ነጫጭ ነጥቦች ሲንቀሳቀሱ ከታዩ ጉዳዩ አለቀ። ካልታዩ ግን የለም ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ በዘይት አርሶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል።

ቡናማ፣ ቅባታማ፣ የሚያጣብቅና የኮመጠጠ ሽታ ያለው ከሆነ ማላሴዚያ የሚባለው እርሾ መሰል ፈንገስ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ቢጫ ወይም ክሬም የሚመስል መግል ብዙ ጊዜ የስታፍሎኮከስ ባክቴሪያ ነው። ቀጠን ያለ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ከርቀት የሚገማ፣ ውስጡ የቆሰለና ውሻው ጨርሶ የማያስነካው ጆሮ ሲሆን ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ይጠረጠራል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ክፉ ነው፤ የተለመዱትን አንቲባዮቲኮች ይቋቋማል፣ ታምቡርም ያበላሻል። ለእሱ በግምት መድኃኒት መግዛት ገንዘብም ጆሮም ማባከን ነው።

ቀለምና ሽታ ግን ግምት ብቻ ናቸው። ፈንገስና ባክቴሪያ አብረው የሚገኙበት ጆሮ ብዙ ነው፣ በዓይን ደግሞ አይለዩም።

ክሊኒክ ስትሄዱ የምትጠይቁት

ሐኪሙ ሁለት ነገር ማድረግ አለበት። አንደኛ፣ በኦቶስኮፕ ታምቡሩን ማየት። ሁለተኛ፣ ከቱቦው በጥጥ ናሙና ወስዶ ስላይድ በሚባለው መስታወት ላይ አንከባልሎ፣ ቀለም ነክሮ፣ በማይክሮስኮፑ የዘይት ማጉያ ማየት። ሁለተኛው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ፈንገስ ነው፣ ክብ ባክቴሪያ ነው፣ ዘንግ ቅርጽ ያለው ነው የሚለውን ይለያል። ዘንግ ቅርጽ ያላቸው በብዛት ከታዩ ናሙናው ለካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን አሳድጎ ለሚለየው ምርመራ፣ መላክ አለበት፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ እሱ ነው የሚናገረው። የሁለቱም ጆሮ ናሙና ለየብቻ ይታይ፤ በአንዱ ፈንገስ በሌላው ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ስላይድ ሳይታይ የሚታዘዝ ጠብታ ግምት ነው ብዬ ነው የማስበው። በየአካባቢያችን ያሉት የእንስሳት ጤና ጣቢያዎች አብዛኛው ሥራቸው ከብትና በግ ላይ ስለሆነ ይህን ላያደርጉ ይችላሉ፤ መጠየቅ ግን ነውር የለውም፣ ማይክሮስኮፕ ያለው ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ ብዙም ሳትርቁ ቢሾፍቱ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ።

ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ጆሮውን አትጠቡት፣ ጠብታም አታድርጉበት። ታጥቦ የመጣ ጆሮ ለሐኪሙ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም። እስካሁን የተጠቀማችሁትን ጠርሙስና ማሸጊያ በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ባዶውንም ጭምር።

“አንድ መርፌ ይወጋልኝ” የሚለው ልማድ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ፔንስትሬፕ የሚባለው አንቲባዮቲክ ተወግቶ በደም በኩል ወደ ጆሮ ቱቦ የሚደርሰው መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ ጠብታ ግን በቀጥታ ቦታው ላይ በመቶዎች እጥፍ የበለጠ ያደርሳል። ፈንገስ ከሆነ ደግሞ መርፌው ጭራሽ አይመለከተውም። መርፌ ወይም ክኒን የሚያስፈልገው ቱቦው አብጦ ሲዘጋ እብጠቱን ለማውረድ፣ ወይም ሕመሙ ከታምቡሩ ወዲያ ሲያልፍ ነው።

ከታምቡሩ ወዲያ ማለፉን የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው፤ ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ መቅረት፣ መንገዳገድ ወይም በአንድ ቦታ መዞር፣ ዓይኑ ወዲያና ወዲህ መርገብገብ፣ የፊቱ አንድ ወገን መውደቅ፣ አፉን ሲከፍት ወይም አጥንት ሲቆረጥም መጮህ። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ በጆሮው ውስጥ ምንም ነገር አታስገቡ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

አጠባጠብ

መድኃኒት በኩክና በመግል ላይ ሲንጠባጠብ ቆዳውን አይነካም። ስለዚህ ማጠቡ ከጠብታው እኩል ዋጋ አለው፤ ብዙ ሰው ደግሞ የሚዘለው እሱን ነው።

የሚበልጠው ለውሻ ጆሮ ተብሎ የተሠራ ማጠቢያ ነው። ካልተገኘ ኖርማል ሳላይን የሚባለው የጨው ውሃ ይበቃል። ኩክ የማሟሟት ኃይሉ ደካማ ቢሆንም ታምቡር ተበስቶ ቢሆን እንኳ ጉዳት የማያደርስ እሱ ስለሆነ ታምቡሩን ሐኪም ላላየው ጆሮ ምርጫዬ ነው። ቤት ውስጥም ይዘጋጃል፤ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ ክዳኑን እንደገጠማችሁ አቀዝቅዙና 4.5 ግራም ጨው ጨምሩበት፣ ያም ያልሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በዚያው ቀን ተጠቀሙበት፣ የተረፈውን ድፉት።

አቼቶስ? ማላሴዚያ ለሚመላለስበት፣ ግን ላልቆሰለና ታምቡሩ ደህና ለሆነ ጆሮ ይሠራል፣ ፈንገስ አሲድ አይወድምና። ነጩን 5 በመቶ አቼቶ ከእኩል የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። ቀለም ያለውን ወይም ጥንካሬው ያልተጻፈበትን ተዉት። የቀላና የተላጠ ጆሮ ላይ ካደረጋችሁት ያቃጥላል፤ ውሻውም ከዚያ በኋላ እጃችሁን ባየ ቁጥር ይሸሻል።

አሁን አሠራሩ። ሰው ይርዳችሁ። ፈሳሹን በሙቅ ውሃ ሳህን ውስጥ አስቀምጣችሁ እጃችሁ አንጓ ላይ ስትነኩት ሙቀትም ቅዝቃዜም የማይሰማችሁ አድርጉት፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጠኛውን ጆሮ ስለሚረብሸው ውሻውን ያዞረዋል። ለመካከለኛ ውሻ 5 ሚሊ ሊትር ያህል መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ቅዱ። ጆሮውን ወደ ላይና ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ ቱቦውን ቀጥ አድርጉት። የሲሪንጁን ጫፍ ቀዳዳው አፍ ላይ አስጠጉ እንጂ ውስጥ አታስገቡት፣ ቀዳዳውንም አትድፈኑት፤ ፈሳሹ መመለሻ ካጣ ግፊቱ ታምቡር ላይ ያርፋል። ቱቦው ሞልቶ ከላይ እስኪታይ ድረስ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ።

ከዚያ የጆሮውን ሥር ከጉንጩ በላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ ለ30 ሰከንድ እሹት። ፈሳሹ ሲንቧቸቅ መስማት አለባችሁ፤ ድምፅ ከሌለ ወይ በቂ አላፈሰሳችሁም ወይ ቱቦው ተዘግቷል። እጃችሁን ልቀቁና ፊታችሁን ዞር አድርጉ፤ ውሻው ያራግፋል። ከታቹ ያለውን ቆሻሻ ወደ ላይ የሚያመጣው ይህ ማራገፍ ስለሆነ አትከልክሉት። የወጣውን በጣታችሁ ላይ በተጠቀለለ ጥጥ ወይም ጎዝ ጥረጉ፣ ጣታችሁ እስከሚደርስበት ብቻ። የሚወጣው ፈሳሽ እስኪጠራ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ለሌላኛው ጆሮ ሌላ ሲሪንጅና ሌላ ጥጥ ያዙ።

የታመመ ጆሮ በየሁለት ቀኑ ወይም ሐኪሙ እንዳለው ይታጠባል። የዳነ ግን ለመታመም ቅርብ የሆነ ጆሮ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ጤነኛ ጆሮ መታጠብ አያስፈልገውም። በየቀኑ የሚታጠብ ጆሮ ቆዳው ረጥቦ ይላላና ራሱ በሽታ ይጠራል፤ ከመጠን ያለፈ ንጽሕና በዚህ ጉዳይ ላይ እውነተኛ ጥፋት ነው።

ሕመም ያለበት ውሻ የዋህም ቢሆን ይነክሳል። አፉን በአንድ ሜትር ፋሻ እሰሩት፤ አፍንጫው ላይ ዙሩና ከአገጩ በታች አቋልፉት፣ ጫፎቹን ከጆሮዎቹ ጀርባ ቋጥሩ። አፍንጫው ደፍጣጣ ለሆነ፣ ለሚያስመልሰው ወይም ለሚያለከልከው ውሻ ይህን አታድርጉ፤ ለማንኛውም ውሻ ከጥቂት ደቂቃ አይለፍ። አንድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ውሻው ያለ ልማዱ ከተነጫነጨ ወይም ከተደበቀ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተው፣ “ጆሮው ይሆናል” ብላችሁ አፉ አካባቢ እጃችሁን አትስደዱ። ግቢውን ዝጉና ሐኪም ጥሩ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ።

ጠብታው፣ ቀኑና ስሕተቱ

ካጠባችሁ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ጆሮው ይጠንፍፍ። ጠርሙሱን በመዳፋችሁ አሙቁትና በደንብ ናጡት። ጀንታማይሲን፣ ቤታሜታዞንና ክሎትሪማዞል የያዘው በብዛት የሚታወቀው ድብልቅ መጠኑ ከ14 ኪሎ ገደማ በታች ለሆነ ውሻ 4 ጠብታ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 8 ጠብታ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ነው። ሰው ሁለት ጠብታ አድርጎ ይቆጥባል፤ ሁለት ጠብታ ግን የቱቦው ግድግዳ ላይ ቀርታ መታጠፊያው ጋ እንኳ አትደርስም። ጠብታው ከገባ በኋላም የጆሮውን ሥር ማሸት አይቀርም።

በድብልቁ ውስጥ ያለው ስቴሮይድ፣ ቤታሜታዞኑ፣ ማሳከኩን በሁለት ሦስት ቀን ያቆመዋል። አታላዩ እሱ ነው፤ ውሻው ማከክ አቆመ ማለት ጀርሙ አለቀ ማለት አይደለም። አብዛኛው ጆሮ ከ7 ቀኑ አልፎ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል፣ ማቆሚያው ቀን የሚወሰነውም ስላይዱ እንደገና ታይቶ ንጹሕ ሲሆን ነው። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳችሁ አሳዩት። “ድኗል እኮ” ብሎ ይህን ቀጠሮ የሚዘል ሰው ነው በሁለተኛው ወር ተመልሶ የሚመጣው።

ጀንታማይሲን ታምቡር በተበሳበት ጆሮ ውስጥ ከገባ መስሚያን ሊያጠፋ ይችላል። ኦቶስኮፕ ሳይገባ ጠብታ አትጀምሩ የሚባለው ለዚህ ነው። በዚሁ ምክንያት ሳቭሎን፣ ክሎርሄክሲዲንና አልኮል ታምቡሩ ያልታየ ጆሮ ውስጥ አይገቡም። ዴቶል፣ በረኪና፣ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ፣ ላምባና የተቃጠለ የመኪና ዘይት ደግሞ በምንም ምክንያት አይገቡም፤ ቆዳውን አቃጥለው ከበፊቱ የባሰ እብጠት ያመጣሉ። የነጭ ሽንኩርትና የጤና አዳም ጭማቂም የቆሰለ ቆዳ ያቃጥላል። ቲቲሲ ቅባት በየቤቱ ስላለ ይቀባል፤ ፈንገስ አይገድልም፣ ቅባቱ ራሱ ከኩኩ ጋር ተጋግሮ ቱቦውን ይደፍናል።

ቅንቅን፣ መዥገርና ዝንብ

የጆሮ ቅንቅን ከእንቁላል እስከ ጉልምስና ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል ሕክምናው ይህን ጊዜ መሸፈን አለበት፤ አንድ ሳምንት ታክሞ የተተወ ቡችላ በወሩ እንደ አዲስ ይጀምረዋል። በግቢው ያሉት ውሾችና ድመቶች ሁሉ፣ የማያካቸውም ጭምር፣ በአንድ ቀን ይታከሙ። በማጅራት ላይ የሚንጠባጠበው ሴላሜክቲን፣ ወይም የሚዋጡት አፎክሶላነርና ፍሉራላነር ደህና አድርገው ይሠራሉ። ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት ጠብታ ድመት ላይ እንዳይደርስ፣ ይገድላታል።

ርካሽ ስለሆነ ለከብት የሚሸጠውን አይቨርመክቲን የሚወጋ አለ። ያ ብልቃጥ 1 በመቶ ነው፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለ፣ የተዘጋጀውም በመቶ ኪሎዎች ለሚመዘን በሬ ነው። ሐኪም ቢያዘው እንኳ ለ5 ኪሎ ቡችላ የሚሰጠው የአንድ ሚሊ ሊትር ሩብ አይደርስም፤ በግምት ሲሳብ እጥፍ ድርብ መሆኑ አይቀርም። ኮሊና መሰል የእረኛ ዝርያዎች ደግሞ መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው እንዳይገባ የሚከለክለው ነገር በዘር ሊጎድላቸው ስለሚችል በትንሹም ይመረዛሉ። መንገዳገድ፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ ምራቅ መዝረክረክና ራስን መሳት ምልክቶቹ ናቸው።

መዥገር በጆሮው እጥፋቶችና በቀዳዳው አፍ ላይ መጣበቅ ይወዳል። በወረንጦ ቆዳው ጋ ተጠግታችሁ ያዙና ሳታጣምሙ በቀጥታ ሳቡት። በእሳት አታቃጥሉት፣ ላምባም አትቀቡት፤ ሲጨነቅ የሆዱን ወደ ውሻው ደም ይተፋል። በጣትም አትጨፍልቁት፣ አልኮል ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ጣሉት። ከቀዳዳው ወደ ውስጥ የገባውን ለሐኪም ተዉት።

ጆሮው ጫፍ ላይ ጥቁር የደረቀ ደምና ቅርፊት ካለ፣ በተለይ ታስሮ በሚውል ጀርመን ሼፐርድ ላይ፣ ነካሽ ዝንብ ነው። በሳላይን እጠቡና ቫዝሊን ደልደል አድርጋችሁ ቀቡት፣ በየቀኑ። ዝንቡ የሚፈላው በእርጥብ ጭድና በፍግ ውስጥ ስለሆነ ግቢው ካልጸዳ ቅባቱ ብቻውን አያሸንፍም።

ጆሮው በድንገት እንደ ከረጢት ካበጠ ውሻው ሲያራግፍ ውስጡ ያለ የደም ሥር ተበጥሶ ደም በቆዳውና በልም አጥንቱ መካከል ተጠራቅሟል። በመርፌ ወግታችሁ አታፍስሱት፤ በሰዓታት ውስጥ ይሞላል፣ መግልም ሊይዝ ይችላል። ሐኪም አፍስሶ ይሰፋዋል። ካልታከመ ደሙ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋና ጆሮው ተጨማዶ ይቀራል። ያራገፈበት ምክንያት ካልታከመ ደግሞ ስፌቱም አይጠቅምም።

ሁለቱም ጆሮ በየወሩ የሚመለስ ከሆነ

ቅንቅን የለም፣ የገባ ነገር የለም፣ በደንብ ታክሞም ይመለሳል። ያኔ የሚታየው ቆዳው ነው። መዳፉን ይልሳል? ብብቱና ሆዱ ይቀላል? በጣቶቹ መካከል ያለው ጸጉር ከመላስ ብዛት ወደ ቡናማ ሄዷል? ይህ ከሆነ ጆሮው የአለርጂ አንዱ መገለጫ ነው። የአቧራ፣ የሳርና የአበባ ብናኝ አለርጂ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምርና በአንዳንዱ ውሻ ላይ ወቅት ጠብቆ ይመጣል። ወቅት የማይለይ ከሆነ ምግብም ይጠረጠራል።

የምግብ አለርጂ በደም ምርመራ በአስተማማኝ አይታወቅም፤ የሚታወቀው በአመጋገብ ሙከራ ነው። በውሾች ላይ በብዛት የሚታወቁት አስቆጪዎች የበሬ ሥጋ፣ ወተትና የወተት ውጤት፣ ዶሮ እና ስንዴ ናቸው። የእኛ አገር ውሻ ዕድሜ ልኩን የሚበላው የከብት ሳንባ፣ አጥንትና የወጥ ትራፊ ስለሆነ በልቶት የማያውቀውን ሥጋ ማግኘት አይከብድም፤ ዓሣ ወይም ፍየል። አንድ እጅ የተቀቀለ ሥጋ ከሁለት እጅ ድንች ወይም ሩዝ ጋር፣ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም፣ ያለ ሽንኩርት። ሽንኩርት ለነገሩ አለርጂ ባይኖርም ለውሻ መርዝ ነው፣ ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርሳል፤ የወጥ ትራፊ የሚሰጥ ሰው ይህን ልብ ይበል። ይህ ምግብ ላደገ ውሻ ለሙከራው ጊዜ ይበቃል፣ ለሚያድግ ቡችላ ግን ካልሲየምና ሌላውም ስለሚጎድለው ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ።

ሙከራው 8 ሳምንት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌላ ምንም የለም፤ አጥንት የለም፣ ወተት የለም፣ ጥበቃው የሚወረውርለት ቁራሽ ዳቦም የለም። ሙከራዎች የሚከሽፉት በአብዛኛው በዚህ በመጨረሻው ነው፤ ስለዚህ ለቤቱ ሰው ሁሉ፣ ለሕፃናቱም ለጥበቃውም፣ በመጀመሪያው ቀን ንገሩ። ኢንፌክሽኑ ጎን ለጎን ይታከም፣ አለዚያ ምግቡ ይሥራ አይሥራ አይለይም።

በስምንተኛው ሳምንት ጆሮውና ቆዳው ጸድቶ ከሆነ የድሮውን ምግብ መልሱለት። ምግቡ ጥፋተኛ ከሆነ ማከኩ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ያኔ ወደ ሙከራው ምግብ ተመለሱና ጸጥ ሲል የበሬውን ሥጋ ብቻውን ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ወተቱን፣ ከዚያ ዶሮውን፣ ከዚያ ስንዴውን እያንዳንዳቸውን በተራ ሞክሩ። የድሮው ምግብ ተመልሶም ምንም ካልመጣ ምግቡ ነፃ ነው፤ ቀጣዩ ንግግር ከሐኪሙ ጋር ስለ አቧራና ስለ ብናኝ አለርጂ መድኃኒት ይሆናል፣ ጆሮውም በየሳምንቱ እየታጠበ ይቆያል።